የአንጎል ማነቃቂያ ከተተከለ በኋላ በባሕር ዳር መኖር፦ ለፓርኪንሰን ሕሙማንና ለአስታማሚዎቻቸው

ቀዶ ሕክምና አድርገው ባሕር ዳር ሲመለሱ ጠያቂው ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት» ማለቱ አይቀርም። ምርቃቱን ይቀበሉ፤ ሕመሙ ግን እንዳለ መሆኑን ቤተሰብዎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይወቅ። ጥልቅ የአንጎል ማነቃቂያ ፓርኪንሰንን አያድንም፣ መባባሱንም አያቆምም። በደረት ቆዳ ሥር ከተቀበረው ባትሪ የሚነሣው የኤሌክትሪክ ምት ከጆሮ ጀርባ በሚያልፍ ሽቦ በኩል አንጎል ውስጥ ወደተቀመጡት ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች ይደርሳል፤ በዚህም መንቀጥቀጡ፣ የሰውነት መገተሩና የእንቅስቃሴ መዘግየቱ ይቀንሳሉ። ሌቮዶፓ በተባለው ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ይሻል የነበረው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በማሽኑም ይሻላል። መድኃኒት ያልረዳው የሚዛን መጥፋትና የድምፅ መድከም ግን ብዙ ለውጥ ላያሳይ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት፣ ማሽኑ ገና ሳይበራ እንኳ፣ አንዳንድ ሰው በጣም የተሻለው ይመስለዋል። ይህ ኤሌክትሮዱ ሲገባ ከሚፈጠረው እብጠት የሚመጣ ጊዜያዊ ለውጥ ስለሆነ፣ በዚህ ተደስቶ ኪኒን መተው ከባድ ስሕተት ነው። ማሽኑን የማስተካከሉ ሥራ ወራት ይወስዳል፤ መድኃኒቱም የሚቀነሰው ከዚያው ጋር እየተመዛዘነ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው።

ማሽኑን የሚያስተካክለው ሐኪም ከባሕር ዳር ርቆ ስለሚገኝ፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚጠቅመው ዕቃ ተራ ደብተር ነው። «ጠዋት 1 ሰዓት ኪኒን፤ 1 ሰዓት ከ40 እጄ ተፈታ፤ 4 ሰዓት ላይ ቀኝ እግሬ ያለፈቃዴ ተወራጨ» ተብሎ የተጻፈ አንድ መስመር፣ ቀጠሮ ላይ «ደህና ነኝ፣ አልፎ አልፎ ያመኛል» ከማለት እጅግ የተሻለ መረጃ ይሰጣል። የጠባይ ለውጥም ይጻፍ፦ ያልተለመደ የገንዘብ አወጣጥ፣ ድብርት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ለሐኪም መነገር አለበት፤ ይህን ደግሞ ቀድሞ የሚያየው ከታማሚው ይልቅ አስታማሚው ነው።

ፕሮቲን የበዛበት ምግብ፣ ዓሣም ይሁን የጾም ሽሮ፣ የሌቮዶፓን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል፣ ኪኒኑን ምግብ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መዋጥ ይመረጣል። በጾም ወቅት የኪኒኑን ሰዓት ከማዛባት በፊት ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ። ጠበል መጠመቅም ቁስሉ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ይሁን፤ ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያዩት።

የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም ይዞዎት ፊዚዮቴራፒ ቢሄዱ፣ አልጋው ላይ ከመተኛትዎ በፊት ማነቃቂያው እንደተተከለልዎት የሚገልጸውን የመሣሪያውን ካርድ ያሳዩ። ዳያተርሚ የሚባለው የማሞቂያ ሕክምና፣ በየትኛውም የሰውነት ክፍል ላይ ቢደረግ፣ በኤሌክትሮዱ ጫፍ ያለውን የአንጎል ክፍል አቃጥሎ ሊገድል ስለሚችል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ኤምአርአይ የሚፈቀደው የመሣሪያው ዓይነት ታይቶ ነው፤ ራጅና ሲቲ ስካን ብዙ አያስጨንቁም። በአውሮፕላን ማረፊያና በባንክ በር ላይ ካርዱን አሳይተው በእጅ እንዲፈተሹ ይጠይቁ፤ የእጅ መፈተሻው ደረትዎ ላይ እንዳይቆይ ያድርጉ።

ጣና ዳር ላደገ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ምክር ስለ ዋና የሚነገረው ይመስለኛል። በ2019 እ.ኤ.አ. የዙሪክ ሐኪሞች፣ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ መዋኘት ያቃታቸውን 9 ታማሚዎች ታሪክ በሕክምና መጽሔት አውጥተዋል። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ ጥሩ ዋናተኞች ነበሩ፤ ማሽኑ እንቅስቃሴያቸውን በደንብ አሻሽሎላቸው ሳለ፣ ውኃ ውስጥ ግን እጅና እግራቸውን ማቀናጀት ተሳናቸው። ስለዚህ መራመድዎ ስለተስተካከለ መዋኘትም እችላለሁ ብለው አይገምቱ፤ ከልጅነትዎ ጀምሮ የለመዱት ዳርቻም ቢሆን፣ ብቻዎን ወይም እግርዎ መሬት ከማይነካበት ቦታ አይግቡ። ወደ ዘጌ በጀልባ ሲሻገሩ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበሱ፤ ሲሳፈሩና ሲወርዱ ጠንካራ ክንድ የሚሰጥ ሰው አጠገብዎ ይኑር። ታንኳን ግን ለጤነኞች ይተዉላቸው።

የማይሞላ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ የሚሞላው ደግሞ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ አይጠፋም፤ ሆኖም የሚሞላ ባትሪ ያለው ሰው አልቆ እስኪያስጠነቅቅ ሳይጠብቅ፣ መብራት ባለበት ሰዓት መሙላትን ልማድ ያድርግ። የቀድሞው መንቀጥቀጥና መገተር በድንገት ከተመለሰ፣ በመጀመሪያ ማሽኑ መብራቱን በሪሞቱ ያረጋግጡ። ጠፍቶ ከሆነ ያብሩት፤ አልበራ ካለ ወይም በርቶም ሕመሙ ካልቀነሰ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉና ካርዱን ይዘው ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ቀዶ ሕክምናውን ወዳደረገልዎት ማዕከልም ከዚያው ሆነው ያስደውሉ።