ትራካችሁ ላይ ሲቢና ሃም ሬዲዮ ስትገጥሙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አሜሪካ ውስጥ ትራክ የምትነዱ ወገኖች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሲቢ ሾፌሮች መንገድ ላይ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ነው፤ ሃም ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ የአማተር ሬዲዮ ነው። «ስልክ እያለ ሲቢ ምን ያደርጋል?» የሚል ሾፌር በዊንተር ዋዮሚንግ ውስጥ አይ-80ን አላቋረጠም። ኔትወርክ በጠፋበት፣ በረዶው መንገዱን በሸፈነበት ሰዓት፣ ከፊታችሁ ትራኮች ተጋጭተው መንገድ እንደዘጉ ቀድሞ የሚነግራችሁ ከወዲያ የሚመጣው ሾፌር ነው፤ እሱም ሾፌሮች በሚገናኙበት በሲቢ ቻናል 19። ስለዚህ ሬዲዮው የምር መሥራት አለበት። ብዙ ትራክ ላይ ግን ለስሙ ተሰቅሏል እንጂ አይሠራም።

ትልቁ ስህተት ገንዘቡን ሁሉ ሬዲዮው ላይ ማፍሰስ ነው። ሲቢ በኤኤም እንዲያወጣ በሕግ የተፈቀደው ኃይል 4 ዋት ነው፤ ርካሹም ውዱም ያው 4 ዋት። ልዩነት የሚያመጣው አንቴናው ነው። የሲቢ ሞገድ ወደ 11 ሜትር ይረዝማል፣ የሞገዱን ሩብ የሚያህል አንቴና ራሱ ወደ 2.7 ሜትር ይሆናል። ያን ትራክ ላይ መትከል ስለሚያስቸግር አጫጭሮቹ በተጠቀለለ ሽቦ ይሠራሉ። ግን አንቴናው ባጠረ ቁጥር ድምፃችሁ የሚደርስበት ርቀትም ያጥራል። አማረች ብላችሁ ትንሿን አትግዙ። ጫፉ ከጋቢናው ጣሪያ በላይ የሚወጣ፣ ድልድይ ግን የማይመታ ቁመት ምረጡ።

ቀጥሎ ያለው ሬዲዮ የሚያቃጥለው ስህተት ነው፦ ኤስደብሊውአር የሚባለውን ቁጥር ሳይለኩ የማይኩን ቁልፍ ተጭኖ ማውራት። ይሄ ቁጥር ሬዲዮው ከላከው ኃይል ምን ያህሉ ከአንቴናው ተመልሶ እንደሚመጣ ያሳያል። ከ1.5 በታች በጣም ጥሩ ነው፣ እስከ 2 ድረስ ያስኬዳል፣ 3 ከደረሰ ማይኩን አትንኩት። አንቴና ሳይታሰር መጫንማ ጭራሽ አይታሰብም። መለኪያው ውድ አይደለም፣ ትራክ ስቶፕም ይገኛል። ከሌላ ትራክና ከሕንፃ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ በሮቹን ዝጉ፣ መለኪያውን በሬዲዮውና በአንቴናው ኬብል መሀል አስገቡ። መጀመሪያ ቻናል 1 ላይ፣ ከዚያ ቻናል 40 ላይ ለኩ። ቻናል 1 ላይ ከበዛ አንቴናው አጥሯል ማለት ነው፣ ጫፉ ላይ ያለውን ማስተካከያ ከፍ አድርጉት። ቻናል 40 ላይ ከበዛ ረዝሟል፣ ዝቅ ይበል። ሁሉም ቻናል ላይ ከ3 በላይ ካሳየ ግን አንቴናውን ለመቁረጥ አትቸኩሉ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ግራውንድ፣ ማለትም አንቴናው ከትራኩ ብረት ጋር ያለው ግንኙነት ነው።

አንቴናው ሥራውን የሚሠራው ከሥሩ ካለው ብረት ጋር ተባብሮ ነው። የአሁኖቹ ትራኮች ደግሞ ጋቢናቸው ላይ ብዙ ፋይበርና ፕላስቲክ አለ፣ የመስታወቱ ብረትም ቀለም ተቀብቷል። አንቴናውን እዚያ ላይ ጥርቅም አድርጋችሁ ብታስሩትም ከሻንሲው ጋር ላይገናኝ ይችላል። በመልቲሜትር ከማሰሪያው ብረት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለኩ፣ ወደ ዜሮ ኦም መቅረብ አለበት። ካልቀረበ ቀለሙን ፋቁና በጠፍጣፋ የተጎነጎነ ሽቦ ከሻንሲው ጋር አገናኙት። በዚህም የማይሆን ከሆነ ያለ ግራውንድ እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ አንቴና አለ። እሱ ከራሱ ኬብል ጋር ይመጣል፣ ኬብሉን አትቀይሩ፣ አትቁረጡም።

ሁለት አንቴና የገጠማችሁ ደግሞ ይሄን ልብ በሉ። የሁለቱ ኬብል 75 ኦም ነው፣ የአንዱ 50 ኦም። አንደኛው አንቴና ሲሰበር እሱን ነቅለው በቀረው የሚነዱ አሉ፤ በዚያው ኬብል ልኩ አይመጣም። ወይ ሁለቱንም አድርጉ፣ ወይ ኬብሉንም ለአንድ አንቴና ወደተሠራው ቀይሩ። ሁለት አንቴና በደንብ እንዲሠራ በመሀላቸው ወደ 9 ጫማ ርቀት ይፈልጋል፣ የትራክ መስታወቶች ለዚያ ይቀርባሉ። ፒክአፕ ላይ ግን ሁለት መግጠም ትርፉ ወጪ ነው።

የሬዲዮውን ኤሌክትሪክ ከሲጋራ ማቀጣጠያው መውሰድ ለሲቢ ያስኬዳል፣ ትንሽ ነው የሚስበው። 50 ዋት የሚያወጣ ሃም ሬዲዮ ግን ከ10 አምፒር በላይ ሊስብ ይችላል፣ በቀጥታ ከባትሪው፣ ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርጋችሁ ሳቡለት። አገር ቤት ላለ ከባድ መኪና ልላክ የምትሉም አትቸኩሉ። እዚያ ብዙዎቹ ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፣ እነዚህ ሬዲዮዎች ደግሞ 12። ከዚያም በላይ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚባል ነገር አለ።

ኃይል ማሳደጊያ ሲቢ ላይ መግጠም ክልክል ነው። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ እናንተን ከሩቅ ያሰማል እንጂ የሩቁን ሰው ለእናንተ አያሰማም። የጎረቤት ቻናሎችንም ይረብሻል፣ ለእርዳታ የሚጣራ ሰው ድምፅ ይውጣል።

ሃም ላይ የሚሠራው ስህተት ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ከኢንተርኔት ገዝቶ ዝም ብሎ ማውራት ነው። ሲቢ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ሃም ይጠይቃል። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ከመለሳችሁ አለፋችሁ። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው ቀድመው ስለሚወጡ አጥንቶ መግባት ነው፣ አትፍሩት። ካገኛችሁት በኋላ ስለ ሎድና ስለ ዋጋ ማውራት አይቻልም፣ ለንግድ አይደለም። በአማርኛ ግን እንደልባችሁ ማውራት ትችላላችሁ። መለያ ስማችሁን ብቻ በየ10 ደቂቃውና ስትጨርሱ በእንግሊዝኛ ትናገራላችሁ።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረች፦ ስኩዌልች፣ የሬዲዮውን ጩኸት የሚያጠፋው ማዞሪያ። ጩኸቱ ሰለቸኝ ብሎ እስከ ጥግ የሚያዞረው ብዙ ነው። ያኔ የሚሰማው አጠገቡ ያለውን ትራክ ብቻ ነው፤ ከሩቅ «ፍጥነት ቀንሱ» የሚለው አያልፍለትም። ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ «ሽሽ» የሚለው ድምፅ ልክ ሲቆም እዚያው ተዉት።