የጓሮ ፍራፍሬ ችግርና መፍትሄ፦ አቮካዶውን ያደረቀው ጥማት አይደለም

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተወጥቶ ደሴ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ኮምቦልቻ ጓሮ የሚያፈራው ማንጎና ፓፓያ ደሴ ላይ በብርድ ይሰንፋል፤ ደሴ የሚወደው አፕል ደግሞ ኮምቦልቻ ሲወርድ ብርድ ያጥረዋል። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ለኮምቦልቻው ዓይነት ጓሮ ነው። ውሃ ማጠጣት፣ ማረምና መኮትኮት የሚታወቅ ስለሆነ አይነሳም።

አቮካዶ፦ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ያንሳል፣ ጫፉ ይደርቃል

ከሌላው ሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ ቅጠሉ መሬቱ ርሶ እያለ ይጠወልጋል። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ትንሽና ፈዛዛ ይሆናል። ከዚያ የላይኞቹ ቅርንጫፎች ጫፍ ራቁቱን ይቀራል። አንዳንዱ ዛፍ ሊሞት ሲል በጣም ብዙ ጥቃቅን ፍሬ ይሸከማል፤ ባለቤቱ «ዘንድሮስ ሰጠ» ብሎ ሲደሰት ለከርሞ ዛፉ የለም።

ሰው የጠወለገ ቅጠል ሲያይ ጀሪካን ያነሳል። እዚህ ላይ ግን ውሃ መጨመር ዛፉን መጨረስ ነው። የአቮካዶ ምግብ ሳቢ ስሮች አብዛኞቹ ከላይኛው 30 ሴ.ሜ አፈር አይወርዱም፤ አየርም በጣም ይፈልጋሉ። አፈሩ 2 ቀን ያህል ውሃ ተሞልቶ ከቆየ ስሩ ይታፈናል፤ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የስር አበስብስ ተሕዋስ ደግሞ በዚያው ውሃ እየዋኘ ይደርስበታል። ስሩ ከበሰበሰ በኋላ ዛፉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል።

ለማረጋገጥ ከግንዱ 1 ሜትር ራቁና 20 ሴ.ሜ ያህል በእጅ ቆፍሩ። ጤነኛ ቀጭን ስር ነጣ ያለና ሲታጠፍ የሚለመጥ ነው። የታመመው ጥቁር ነው፤ ሲነኩት ቅጭ ይላል፣ ወይም ልጣጩ ተገፎ እጅ ላይ ይቀራል። ቀጭን ስር ጭራሽ ከጠፋ በሽታው ቆይቷል።

ውሃው ከየት መጣ? መጀመሪያ አሸንዳውን እዩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 25 ሚሊ ሜትር የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ 1,000 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ ያ ሁሉ በአንድ ቱቦ ተጠራቅሞ አቮካዶው እግር ስር ይፈሳል። ቱቦው ወደ ዛፉ የተመለሰው «ውሃው ከሚባክን» ተብሎ ነው፤ ክረምት ላይ ግን ዛፉን ይገድለዋል።

ሁለተኛው ጉድጓዱ ነው። «60 በ60 ቆፍረህ ጥሩ አፈር ሙላበት» የሚለው ምክር ለቀይ አፈር ይሠራል፤ ዋልካ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር ጭቃማ አፈር) ላይ ግን ገንዳ መሥራት ነው። ውሃ በላላው አፈር ይገባል፣ በጎንና በታች ያለው ዋልካ ይይዘዋል፣ ችግኙም ገንዳው መሃል ይቀመጣል። ለመለየት 60 ሴ.ሜ ጥልቀት ቆፍሩ፣ ውሃ ሞልታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ እንደገና ሙሉ። ሁለተኛው ውሃ በሰዓት ከ3 ሴ.ሜ በታች እየወረደ ከሆነ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አቮካዶ አይተከልም። በማግስቱ ውሃ ካገኛችሁማ ማሰብም አያስፈልግም።

ሦስተኛው ንጣፍ ነው። ለዓመታት ያፈራ ዛፍ አለ፤ ግቢው ሲታደስ እስከ ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ ይፈስበታል፣ ወይም 30 ሴ.ሜ አፈር ይደለደልበታል። አንድ ሁለት ክረምት ያልፍና ይደርቃል። ሰው ሁሉ ቡዳ ነው፣ ዘመን ነው ይላል። ስሩ የታፈነበትን ቀን ግን ማንም አያስታውስም።

*ገና በሕይወት ካለ*

አሸንዳውን ዛሬ አዙሩ። ከላይ በኩል ውሃው የሚመጣበትን አቅጣጫ አይታችሁ ከቅርንጫፉ ጥላ ውጭ 40 ሴ.ሜ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ፤ ቦዩ መውጫ ይኑረው፣ መውጫ የሌለው ቦይ ሌላ ገንዳ ነው። የተደለደለውን አፈር የግንዱ አንገት (ግንዱ ከስሩ የሚገናኝበት ቦታ) እስኪታይ አንሱ፤ ዶማ አትጠቀሙ፣ በእጅና በትንሽ መኮትኮቻ ብቻ። የደረቀውን ቅርንጫፍ ቁረጡ። ጥላ ያጣውን ግንድና ቅርንጫፍ በውሃ በተበጠበጠ ኖራ ቀቡ፤ ያለዚያ ፀሐይ ልጣጩን ያቃጥለዋል። ከዚያ 10 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ፣ ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል፣ ከቅርንጫፉ ጥላ ስር አልብሱ። ከግንዱ 20 ሴ.ሜ ይራቅ። ግንዱን የነካ እርጥብ ጭድ አንገቱን ያበሰብሳል።

ዩሪያ አትጨምሩ። የበሰበሰ ስር ማዳበሪያ አይስብም፤ የቀረውን ያቃጥላል። ትኩስ የዶሮ ፍግም እንዲሁ። የልብስ እጥበት ውሃ፣ በተለይ በረኪና ያለበት፣ ወደ ዛፉ አይደፋ።

ሜታላክሲል ያለው ፀረ-ፈንገስ ይረዳል፤ ግን ውሃው ሳይወጣ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ግማሹ ቅጠል ካለ ዛፉ ሊተርፍ ይችላል። ሦስት አራተኛው ከሄደ ንቀሉት፤ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ አቮካዶ አትተኩ፣ ተሕዋሱ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዛፉን የቆፈረ ዶማና አካፋ ጭቃው ታጥቦ ሳይደርቅ ወደ ጤነኛው ዛፍ አይሂድ።

*እንደገና ስትተክሉ*

ዋልካ ላይ ሽቅብ ትከሉ። መሬቱን ፈርከስ አድርጉና ከላዩ 50 እስከ 60 ሴ.ሜ ከፍታ፣ 2 ሜትር ስፋት ያለው የአፈር ቁልል ሥሩ፤ 3 እጅ የላይ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ቁልሉ ይሰጥማልና ከመትከላችሁ በፊት ጥቂት ሳምንት ዝናብ ይምታው። ችግኙ ፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት አፈር በታች አይቀበር፤ የተከተበበት (ከሌላ ዛፍ የተቆረጠው ቅርንጫፍ የተጋጠመበት) ቦታ ምንጊዜም ከአፈር በላይ ይሁን። ቁልል ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ ለአንድ ዓመት ችግኝ በሳምንት 20 ሊትር ያህል፣ ለሁለት ተከፍሎ፤ 15 ሴ.ሜ ወርዳችሁ አፈሩ ከጨበጣችሁት በኋላ ተያይዞ ከቀረ አታጠጡ።

ችግኝ ስትገዙ ፕላስቲኩን ከታች ቅደዱና እዩ። ስሩ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ከሆነ አትግዙ፣ ርካሽ ቢሆንም። ከዘር የበቀለን «ሃስ (የአቮካዶ ዝርያ) ነው፣ ግራፍት (የተከተበ) ነው» ብሎ መሸጥ ተለምዷል፤ የተከተበ ችግኝ ግንዱ ላይ የመጋጠሚያ ጠባሳ አለው። ጠባሳ ከሌለ ፍሬ ለማየት በ3 ወይም በ4 ዓመት ፈንታ 7 እና ከዚያ በላይ ትጠብቃላችሁ፤ የሚወጣውም ፍሬ የእናቱን አይመስልም። ይህ የሰውን ጊዜ የሚዘርፍ ነገር ነውና ጠይቁ፣ ተቆጡም።

ሎሚና ብርቱካን፦ አዲሱ ቅጠል ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ

የብረት እጥረት ነው፤ አፈሩ ውስጥ ብረት ቢኖርም ኖራ የበዛበት አፈር አይለቀውም። ከግንባታ የተረፈ ሲሚንቶ የተቀበረበት ጥግና የምድጃ አመድ የሚደፋበት እግር የዚህ ምንጭ ናቸው። አመዱን አቁሙ፣ ኮምፖስት ጨምሩ፣ ቅጠሉ ላይ የሚረጭ ኪሌት ብረት (ተክሉ በቀላሉ የሚስበው ብረት) ካገኛችሁ እርጩ። ቢጫው ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ከጀመረ ግን ናይትሮጅን ነው፤ 50 ግራም ዩሪያ ከግንዱ ራቅ አድርጎ በእርጥብ አፈር ላይ መበተን ለወጣት ዛፍ ይበቃል።

ከግንዱ ስር ሙጫ የሚያለቅስ ከሆነ ብዙ ጊዜ በጥልቀት ስለተተከለ ነው። አንገቱን ግለጡት።

ፓፓያ፦ ያብባል፣ አያፈራም

አበባው በረጅም ዘንግ ተንጠልጥሎ ከሆነ ወንድ ነው። በአንድ ቦታ 3 ችግኝ ተክሎ አበባ ሲታይ ሴቴዋን ወይም ሁለቱ ፆታ ያለባትን ማስቀረት፤ ወንዱ ለአሥር ሴቴ አንድ ይበቃል።

ማንጎ፦ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ፍሬው ላይ ሮዝ ጠባሳ

የማንጎ ነጭ ቅርፊት ተባይ ነው። ፍሬ እንደተለቀመ መሃሉን ከፈት አድርጋችሁ ግረዙ፣ ነፋስና ብርሃን ይግባ፤ የተቆረጠውን እዚያው ዛፍ ስር አትቆልሉ፣ አቃጥሉ። ለጎረቤት ችግኝ ስትሰጡ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ፤ ተባዩ በችግኝም ግቢ ይቀይራል።

ዘይቱን (ጓቫ) እና ማንጎ፦ የበሰለው ፍሬ ውስጥ ትል

የፍራፍሬ ዝንብ። የወደቀውን በየቀኑ ልቀሙ። ማዳበሪያ ክምር ላይ አትጣሉት፤ ትሉ እዚያው አፈር ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። በጥቁር ፌስታል አስራችሁ ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ሳምንት አቆዩት፣ ወይም 50 ሴ.ሜ ወደ ታች ቅበሩት። ጎረቤታችሁ ዘይቱኑ ስር ሲበሰብስ ዝም ካለ የእናንተ ልፋት ግማሹ ነው የሚሠራው፤ አጥር ላይ ቆማችሁ አነጋግሩት።