ሰርቨሩ እየወደቀ ሲያስቸግር፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ደብረ ብርሃንም ሆነ መሀል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢትም ይሁን አለም ከተማ፣ የቢሮ ሰርቨር በቀን ሁለት ሶስቴ እየጠፋ ሲነሳ ከሰው አፍ መጀመሪያ የሚወጣው «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ ከዜሮ ይጫን፣ የሚል ነው። እባካችሁ እሱን ትንሽ አቆዩት። ዊንዶውስ እኮ በአንድ ሰአት ይጫናል፣ ማን የትኛውን ፎልደር ማየት እንደሚችል፣ የትኛው ፕሪንተር በየትኛው አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) እንደገባ፣ ፒችትሪው (የሂሳብ ፕሮግራሙ) ዳታውን ከየት እንደሚያነብ፣ ይሄ ሁሉ ግን በአመታት ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ስራ ነው፣ የትም አልተጻፈም፣ የሰራው ልጅም ብዙ ጊዜ ስራ ቀይሮ አዲስ አበባ ገብቷል።

አንዴ ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ መስሪያ ቤት ተጠርቼ ስደርስ ሰርቨሩ ቀድሞ ፎርማት ተደርጎ ጠበቀኝ። የሂሳብ ፋይሎቹ ሌላ ፓርቲሽን (የዲስኩ ሌላ ክፍል) ላይ ስለነበሩ ተርፈዋል፣ ዶሜይኑ (የሁሉንም ሰው መግቢያ አንድ ቦታ የሚይዘው) ግን ከነዩዘሩ ከነፓስወርዱ የለም፣ ሰላሳ ምናምን ሰው የጋራ ፎልደሩን መክፈት አቅቶት ቁጭ ብሏል። የፋይናንስ ሃላፊዋ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፣ «ልጄ፣ ሰራተኛው እኮ ደሞዝ ይጠብቃል» አሉኝ፣ እትዬ ብዬ ከማጽናናት በቀር መልስ አልነበረኝም። ከዛ በሶስተኛው ቀን አዲስ የተጫነው ዊንዶውስ ራሱ እንደበፊቱ ወደቀ። ችግሩ አንድ የተበላሸ ራም ነበር። ራሙን አውጥቶ በመቀየር ያልቅ የነበረ ነገር ሁለት ሳምንት ፈጀ፣ ሁሉንም ዩዘር ከወረቀት ላይ እየለቀምን እንደገና ፈጠርን።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንም አትንኩ፣ ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ። ከኋላ ያሉትን ገመዶች፣ የትኛው ኬብል የትኛው ፖርት ላይ እንደተሰካ፣ የሃርድ ዲስኮቹን ቅደም ተከተል፣ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ኮዱን፣ ሁሉንም። ቀጥሎ ባዮስ (ከዊንዶውሱ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ገብታችሁ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱ፣ በተለይ ዲስኩ ሬይድ (RAID፣ ብዙ ዲስክ ተጣምሮ የሚሰራበት) ላይ ነው ወይስ ኤኤችሲአይ (AHCI፣ እያንዳንዱ ዲስክ ለብቻው የሚሰራበት) ላይ የሚለውን። ይሄ በኋላ ህይወት ያድናል፣ ለምን እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ደሞ ሪከቨሪ ቁልፉን ሳትይዙ ባዮስ ላይ ምንም እንዳትቀይሩ።

አሁን ማሽኑ እስትንፋስ እስካለው ድረስ ሴቲንጉን አውጡ። ሃያ ደቂቃም ቢቆም ብዙ ነገር ይወጣል። ከሁሉ በፊት ዳታው ነው፣ ፒችትሪ ካለ ከራሱ ከፋይል ሜኑ ላይ ባክአፕ አድርጉ፣ የተጫነበትን ሲሪያል ቁጥርና የዳታ ፎልደሩን አድራሻም ጻፉት። የጋራ ፎልደሮቹን ስትገለብጡ ግን ኮፒ ፔስት አታድርጉ! ኮፒ ፔስት ፋይሉን ይወስዳል፣ ማን መክፈት እንደሚችል የሚለውን ፈቃድ ግን ጥሎት ይሄዳል። በአድሚኒስትሬተር በተከፈተ ኮማንድ ላይ ሮቦኮፒን ከኮፒኦል ጋር (robocopy /copyall) ተጠቀሙ፣ የምትገለብጡበት ኤክስተርናል ዲስክም ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) መሆን አለበት፣ ከሱቅ ሲገዛ አብዛኛው ኤክስፋት (exFAT) ሆኖ ነው የሚመጣው፣ እሱ ደሞ ፈቃድ የሚባል ነገር አይይዝም።

የሼር (የጋራ ፎልደር) ስሞቹ ራሳቸው የሚቀመጡት ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ) ውስጥ ነው። ሬጅኤዲት ክፈቱና ሎካል ማሽን፣ ሲስተም፣ ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ሰርቪስስ፣ ላንማንሰርቨር፣ ሼርስ እያላችሁ ውረዱ፣ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኤክስፖርት በሉት፣ አለቀ። ፕሪንተሮቹን ፕሪንት ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ ከነድራይቨራቸው ወደ አንድ ፋይል ኤክስፖርት ማድረግ ይቻላል። ዲኤችሲፒ (ለኮምፒውተሮቹ አይፒ የሚያድለው) ላይ ሰርቨሩን ራይት ክሊክ ስታደርጉ ባክአፕ የሚል አለ፣ ግሩፕ ፖሊሲም (ለዩዘርና ለኮምፒውተር የወጣው ደንብ) እንደዛው ባክአፕ ኦል አለው። ኮማንድ ላይ አይፒኮንፊግ ኦል (ipconfig /all) ብላችሁ የሚወጣውን ፎቶ አንሱት። ከዛ የሁሉ ታላቅ፣ ዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕን ከሰርቨር ማናጀር ላይ ጫኑና ቤር ሜታል ሪከቨሪ (ባዶ ማሽን ላይ ሁሉንም መመለስ) የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ ወደ ኤክስተርናሉ ላኩት፣ እሱ ሲስተም ስቴቱን፣ ማለትም ሬጅስትሪውንም አክቲቭ ዳይሬክተሪውንም (የዶሜይኑን መዝገብ) ጭምር ይይዛል። ላፕቶፕ ላይ የለመዳችሁት ሲስተም ሪስቶር ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የለም፣ ስለዚህ እሱን ተስፋ አታድርጉ።

ማሽኑ ጭራሽ የማይቆም ከሆነ በክሎንዚላ (ዲስክ የሚገለብጥ ፕሮግራም) ፍላሽ ቡት አድርጋችሁ የሙሉ ዲስኩን ኢሜጅ (ሙሉ ቅጂ) ውሰዱ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ (ቀጭ ቀጭ የሚል ድምጽ፣ ፋይል ሲከፈት መንቀራፈፍ) ኮፒው ሳያልቅ ቼክዲስክ (የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ) እንዳታስነሱ፣ የደከመ ዲስክን ሙሉ ለሙሉ እንዲነበብ ማስገደድ የመጨረሻውን ገለባ መጫን ነው፣ እንደዛ አይነቱን በሊኑክስ ዲዲሬስኪው (ddrescue) መገልበጥ ይሻላል፣ እሱ ደህናውን መጀመሪያ ወስዶ የተበላሸውን ለመጨረሻ ያቆያል።

ሴቲንጉ በእጃችሁ ከገባ በኋላ ነው ምክንያት ፍለጋ የሚጀመረው። ኢቨንት ቪዉወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ክፈቱ፣ ሲስተም የሚለውን። ቁጥር 41 እና 6008 ካያችሁ ማሽኑ በአግባቡ ሳይዘጋ ጠፍቷል ማለት ነው። አብሮት 1001 ባግቼክ ካለ ብሉ ስክሪን ነበር፣ ኮዱም እዛው ተጽፏል፤ 41 ብቻውን ሆኖ ባግቼክ ኮዱ ዜሮ ከሆነ ግን መብራት ወይ ፓወር ሰፕላይ ወይ ሙቀት ጠርጥሩ። ከዲስክ ጋር 7 ወይም 153 የሚል ከተደረደረ ዲስኩ ነው፣ ወይም ኬብሉ። የመዘገበው ሁዊያ ሎገር (WHEA-Logger) ከሆነ ሃርድዌር ነው፣ ፎርማት ምንም አይሰራለትም። ሰአቱን ስታነቡ የሰርቨሩ 10:00 የኛ 4 ሰአት መሆኑን አትርሱ፣ ሰራተኛውን «4 ሰአት ላይ ምን ይደረጋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይሄን ጥያቄ የምወደው ለምን መሰላችሁ፣ እኛ አገር ብርድ ነው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ደብረ ብርሃን ውርጭ ሲወርድ ሰው ቢሮ እንደገባ ሂተር ይሰካል፣ 2,000 ዋት ሂተር 220 ቮልት ላይ 9 አምፔር ገደማ ይስባል፣ እሱን ከሰርቨሩ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ስትሰኩት ቮልቴጁ ወርዶ ሰርቨሩ ዝም ይላል። የቡና ስቶቭም ያው ነው። ጠዋት ጠዋት እየወደቀ ከሰአት በኋላ ሰላም የሚሆን ሰርቨር ካጋጠማችሁ ከዊንዶውሱ በፊት ሶኬቱን እዩ። ለሰርቨሩ የራሱ መስመር ይሰጠው፣ ማንም ሌላ ነገር አይሰካበት፣ የጽዳት ሰራተኞቹንም በአክብሮት አስረዷቸው።

ዩፒኤሱንም (መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን በባትሪ የሚይዘውን) ፈትሹ። ውስጡ ያለው ባትሪ ከ3 እስከ 5 አመት ነው እድሜው፣ መብራት እየሄደ እየመጣ በሚያስቸግርበት ከዛም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩን በወጉ ዝጉና ዩፒኤሱ ላይ አሮጌ ሞኒተር ወይ አምፖል ሰክታችሁ ከግድግዳው ንቀሉት፣ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው አልቋል። ባትሪው ካበጠ ደሞ አንድ ቀን አታሳድሩት።

ሙቀትን በተመለከተ ብርዱ ያታልላል። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ክፍሉ እየበረደ ፕሮሰሰሩ ግን ሊግል ይችላል፣ አቧራ ሲጨመርበት ባሰ። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ያላችሁማ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ሰርቨሩን ደጅ አውጥታችሁ በብሎወር ንፉት፣ ማራገቢያውን በጣት ያዝ አድርጉት እንዳይፈተለክ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ቀይሩት። ጠዋት ከመኪና ላይ ያወረዳችሁት የቀዘቀዘ ማሽን ሞቅ ያለ ክፍል ከገባ ውስጡ ውሃ ያዝላል፣ ሰአት ሁለት ሰአት ሳይቆይ አታብሩት።

የጠረጠራችሁት ራም ከሆነ ሜምቴስት (ራም የሚፈትሽ ፕሮግራም) በፍላሽ አስነሱና ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር እስኪጨርስ ሌሊቱን ተዉት። ስህተት ካገኘ አንድ አንዱን እያወጣችሁ ሞክሩ፣ የትኛው ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ በፕላስተር ጻፉበት።

ባዮሱን ፎቶ አንሱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ ስትሞት ሰአቱ ወደኋላ ይሄዳል፣ ባዮሱም ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ይመለሳል። ሬይድ የነበረው ወደ ኤኤችሲአይ ሲቀየር ዊንዶውሱ ዲስኩን አላገኝም ብሎ 7ቢ (7B) የሚል ብሉ ስክሪን ያወጣል፣ ሰውም ዊንዶውስ ተበላሸ ብሎ ፎርማት ያደርገዋል! ትንሽ ባትሪ ቀይሮ ከፎቶው ላይ እያዩ መመለስ ነበር። ሰአቱ ብቻ ቢዛባ እንኳን ዶሜይን ላይ ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ሲያልፍ ሰው መግባት ይከለከላል።

ሬይድ ካርድ ያለው ሰርቨር ላይ ዲስክ ነቅላችሁ ስትመልሱ ፎሪን ኮንፊገሬሽን የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ኢምፖርት ነው የሚባለው፣ ክሊር አይደለም፣ ኢኒሻላይዝ የሚለውንማ በእጃችሁም አትጠጉት። ከአንድ በላይ ዲስክ ባንዴ አትንቀሉ፣ ብርቱካናማ የሚያበራውን ብቻ፣ ሪቢልድ (ዳታው በተተካው ዲስክ ላይ እንደገና መሞላቱ) እስኪያልቅ ሌላውን አትንኩ።

ሃርድዌሩ ደህና ሆኖ ዊንዶውሱ ራሱ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሴፍ ሞድ (አስፈላጊው ድራይቨር ብቻ የሚነሳበት) ላይ አስነሱት፣ እዛ ካልወደቀ ድራይቨር ወይ አንቲቫይረስ ነው፣ ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ካለ ንቀሉት። ቀጥሎ ኮማንድ ላይ ዲስም ሪስቶርሄልዝ (dism /online /cleanup-image /restorehealth)፣ ከሱ በኋላ ኤስኤፍሲ ስካንናው (sfc /scannow)፣ በዚህ ቅደም ተከተል፣ ምክንያቱም ኤስኤፍሲ ደህና ፋይል የሚያመጣው ዲስም ከሚጠግነው ማከማቻ ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ዲስምን ተመሳሳይ ቨርዥን ካለው አይኤስኦ (የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል) ውስጥ ያለውን ኢንስቶል ዊም (install.wim) እንዲያነብ አድርጉት።

ይሄም ካልሰራ ሪፔር ኢንስቶል አለ። ዊንዶውሱ በርቶ እያለ ተመሳሳይ ቨርዥን፣ ኤዲሽንና ቋንቋ ያለው አይኤስኦ ከፍታችሁ ሴትአፕን ተጫኑ፣ ፋይልና ፕሮግራም ይቆይ የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውሱን አድሶ ዩዘሩን፣ ሼሩን፣ ፕሮግራሙን እንዳለ ይተወዋል። ይቆይ የሚለው ደብዝዞ የማይመረጥ ከሆነ አትቀጥሉ፣ አይኤስኦው አይመሳሰልም ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ኢቫሉዌሽን (የሙከራ) የሚባለው ስለሆነ ነው። በፍላሽ ቡት አድርጋችሁ ከጀመራችሁትም ይሄ ምርጫ አይሰጣችሁም።

ከተጠገነ በኋላ አንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ኢቨንት ቪዉወሩን እዩ፣ 41 ካልተመለሰ ባክአፑን በየማታው እንዲሰራ አድርጉት፣ አንድ ፋይልም ከባክአፑ ላይ አውጥታችሁ መከፈቱን አረጋግጡ። ዶሜይን ካላችሁ የዳይሬክተሪ ሪስቶር ፓስወርዱን (አክቲቭ ዳይሬክተሪውን ለመመለስ የሚጠየቀውን)፣ የባዮሱን ፎቶ አትማችሁ፣ የአይፒ ዝርዝሩን ጨምራችሁ በአንድ ፖስታ ገንዘብ ያዧ ካዝና ውስጥ አስቀምጡት፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ እንዲያገኘው።