የጊታር እንጨት ሲሰነጠቅብን የምንሰራቸው ስህተቶች

ጊታር ልትሰሩበት ስንት ብር ወጥቶበት ከውጭ የመጣ ስፕሩስ (ለጊታር ፊት የሚሆነው እንጨት) ከፍታችሁ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ስታገኙት ልብ ይሰብራል፣ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው ስህተት ግን እዛው ይጀምራል፣ ኮላ ፍለጋ መሮጥ። ቆይ፣ መጀመሪያ የጊታሩን ቅርፅ የቆረጣችሁበትን ካርቶን እንጨቱ ላይ አስቀምጡት። ድሬድኖት የሚባለው የጊታር ቅርፅ አካሉ ርዝመቱ 50 ሳንቲ ምናምን ነው፣ ለጊታር ፊት የሚሸጠው እንጨት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 55 ሳንቲ ስለሚረዝም ጫፍ ላይ ያለች 2 ሳንቲ ስንጥቅ ከቅርፁ ውጪ ልትወድቅ ትችላለች፣ ያኔ ምንም የሚጠገን ነገር የለም፣ ተቆርጣ ትወጣለች።

ሁለተኛው፣ ስንጥቁ የሚያበቃው አይን ያየበት ቦታ ይመስለናል። አያበቃም። ከጀርባው የስልክ መብራት አብሩበት፣ በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ለማጠፍ ሞክሩ፣ ካልታያችሁ ትንሽ አልኮል በጨርቅ ቀቡት፣ ስንጥቁ ጋ ሲገባ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል፣ ከዛ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

ሶስተኛው ብዙ እንጨት ያበላሸብኝ ነው፣ ስለዚ እዚ ጋ ረዘም ላድርገው። አፉ የተከፈተ ስንጥቅ በሞርሳ ጨምቆ መዝጋት። እንጨት እርጥበት ሲያጣ የሚጠበው በወርዱ ነው፣ በርዝመቱ ምንም አይለወጥም ማለት ይቻላል፣ ለዛ ነው ስንጥቅ ሁሌ ጅማቱን (በእንጨቱ ርዝመት የሚሄዱትን ክሮች) ተከትሎ የሚሄደው። እና ክፍተቱ የመጣው እንጨቱ ስለደረቀ ከሆነ በሞርሳ ስትዘጉት ውጥረቱ የትም አልሄደም፣ ውስጡ ነው ያለው። እኔ ህዳር ላይ አንድ ፊት እንዲህ ጨምቄ አጣበቅኩት፣ መስመሩ ራሱ አይታይም ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የካቲት ሲገባ ግን ከጥገናው 1 ሳንቲ ራቅ ብሎ አዲስ ስንጥቅ ተከፈተ። ኮላው አልለቀቀም፣ ጥሩ ኮላ ከስፕሩሱ ራሱ ይጠነክራል፣ አጠገቡ ያለው እንጨት ነው የተሸነፈው። አሁን የማደርገው፣ ክዳን ያለው ትልቅ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እንጨቱን አስገብቼ እርጥብ ስፖንጅ (እንጨቱን ሳይነካ) እና ትንሽ ሃይግሮሜትር (የአየሩን እርጥበት የሚለካ) አስቀምጣለሁ፣ እርጥበቱን ከ45 እስከ 50 ፐርሰንት ላይ ይዤ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ በራሱ ይዘጋል። ካልተዘጋ ከዛው እንጨት ላይ ቀጭን ስንጣሪ አውጥቼ፣ ጅማቱ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድ አድርጌ እሞላዋለሁ። ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መጠቅጠቅ ወይም ስቱኮ መሙላት ለበር ይሁን፣ ለጊታር ፊት ግን በፍፁም፣ እንጨቱ ሲነፋና ሲጠብ አብሮ አይሄድም።

የዚሁ ተቃራኒም አለ። አዲስ አበባ ነሃሴ ላይ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ተነፍቶ እያለ ብሬሶቹን (ፊቱን ከውስጥ የሚደግፉትን ቀጫጭን እንጨቶች) የሚለጥፍ ሰው አለ፣ በጋ ሲመጣ ፊቱ ልጠብ ሲል አግድም የተጣበቀው ብሬስ አይለቀውም፣ መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ የምትሰሩ ከሆነ ክፍሉን በሂተር አድርቃችሁ እርጥበቱን ቢያንስ ወደ 45 ፐርሰንት አውርዱት፣ እንጨቱም እዛው ክፍል ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆይ።

ኮላው ራሱ ጋ ስንመጣ ሱፐር ግሉ ነው ትልቁ ፈተና፣ ምክንያቱም ፈጣን ነው። ግን ስፕሩስ ይመጠዋል፣ ቫርኒሽ ሲቀባ ጠቁሮ ይወጣል፣ ደግሞ አንዴ ከገባ ሌላ ኮላ እዛ ቦታ ላይ አይዝም፣ ማለትም ሁለተኛ እድል የላችሁም። እኔ ታይትቦንድ ኦሪጅናል የሚባለውን የእንጨት ኮላ ነው የምጠቀመው፣ ከቆዳ የሚሰራውን የድሮ ኮላም እወደዋለሁ፣ እሱ ወደ 60 ዲግሪ ይሞቃል እንጂ አይፈላም፣ ቶሎ ስለሚረጋም እንጨቱን አስቀድሞ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ለወንበር የምንጠቀመው ነጩ ኮላ ሙቀት ሲያገኘው ስለሚለሰልስ ጊታር ላይ አላስገባውም። ጀርባው ሮዝውድ ከሆነ ደግሞ እንጨቱ ዘይት አለው፣ ከማጣበቃችሁ በፊት በአሴቶን ጥረጉት።

ከላይ ኮላ ቀብቶ መጥረግ ብቻውን ምንም አይሰራም፣ ውስጥ አልገባም። ከስር በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ ገፋ ለቀቅ፣ ገፋ ለቀቅ አድርጉት፣ ስንጥቁ ሲከፈትና ሲዘጋ ኮላውን ይስበዋል፣ በሌላኛው በኩል ብቅ ሲል ደርሷል ማለት ነው። ከዛ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሞርሳው ስር ላስቲክ አድርጉ፣ ለስለስ ያለ ጫና ይበቃል።

ከውስጥ የሚለጠፉት ክሊት የሚባሉት ቁራጮችም ላይ እንሳሳታለን፣ ትልቅና ወፍራም ሲሆኑ የሚጠነክር ይመስለናል። የጊታር ፊት እኮ ተልጎ ሲያልቅ 3 ሚሊ አይሞላም፣ ክብደት በተጨመረ ቁጥር ድምፁ ይታፈናል። ከስፕሩስ 12 ወይም 15 ሚሊ አራት ማዕዘን፣ ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ያልበለጠ፣ ጠርዙ ወደ ዜሮ የሳሳ፣ ጅማቱ ስንጥቁን የሚያቋርጥ ይሁን፣ ከስንጥቁ ጋር አብሮ ከሄደ እሱም አብሮ ይሰነጠቃል። ኮምፔርሳቶ ቆርጠው የሚለጥፉም አይቻለሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ተዉትና በጣታችሁ ስንጥቁን ተከትላችሁ ኳ ኳ አድርጉት፣ የሆነ ቦታ ላይ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከሰማችሁ ኮላ ያልደረሰበት እሱ ጋ ነው፣ መላጊያ ከማንሳታችሁ በፊት፣ እንጨቱ ገና ወፍራም እያለ ተመለሱበት።