ኮሚኩንና አኒሜሽኑን ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዴት መወያየት ይቻላል?

ባሕር ዳር ላይ ሁለት የልዕለ ጀግና ታሪክ ወዳጆች አንድ ጠረጴዛ ከከበቡ፣ ክርክር ለመጀመር ቡናው እስኪቀርብ አይጠብቁም። አንዱ «ኮሚኩ ይበልጣል» ይላል፣ በተከታታይ ሥዕሎች የተተረከውን መጽሐፍ ማለቱ ነው፤ ሌላው «አኒሜሽኑ ነው እንጂ» ብሎ ይመልሳል፤ ሲመሽ ሁለቱም ያንኑ ሐሳባቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ቅዳሜዎችን በዚህ ዓይነት ካሳለፍኩ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሙሉ ሥራን ከሙሉ ሥራ ጋር መመዘን የትም አያደርስም። አንድን ትዕይንት ከአንድ ገጽ ጎን አስቀምጦ «ምን ተለወጠ? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ግን ታሪኩን እንደገና ያስወድዳል። አካሄዱ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥንዱን መምረጥ

ከአራት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። በኮሚክም በአኒሜሽንም የተሠራ አንድ ታሪክ ምረጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ቢሆን ይሻላል። የባትማን ወዳጆች በ1986 በአራት ቅጽ የወጣውን፣ በ2012 እና በ2013 ደግሞ በሁለት ክፍል አኒሜሽን የሆነውን «ዘ ዳርክ ናይት ሪተርንስ» መውሰድ ይችላሉ። ኮሚኩ ያረጀውን ባትማን ሐሳብ በትንንሽ የጽሑፍ ሳጥኖች ያስነብባል፤ አኒሜሽኑ ያንን የውስጥ ድምፅ ትቶ ፊቱን ያሳየናል። ይህ ልዩነት ብቻውን አንድ ከሰዓት ያወያያል። እንደ «ኢንቪንሲብል» ያሉ ደም የበዛባቸውን ሥራዎች ግን ልጆች ባሉበት አታቅርቡ። ሥዕል የሆነ ነገር ሁሉ የልጆች ይመስላቸዋልና፣ ወላጆችን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

መጀመሪያ ማንበብ

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ገጽ ላይ ጊዜው በአንባቢው እጅ ነው፤ አንድ ሥዕል ላይ የፈለገውን ያህል ይቆያል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። አኒሜሽኑን ያስቀደመ ሰው ግን ባትማንን ሲያነብ በ1992ቱ ተከታታይ አኒሜሽን የተናገረለትን የኬቪን ኮንሮይን ድምፅ ይሰማል፤ የራሱን ድምፅ ለገጸ ባሕርይው የማዋስ ዕድሉ ያልፈዋል።

የታተመ ኮሚክ ማግኘት ስለሚያስቸግር አብዛኞቻችን የምናነበው በስልክ ነው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ከማጉላታችሁ በፊት ሙሉውን ገጽ እዩ፤ ሥዕሎቹ የተከፈሉባቸው ሳጥኖች መጠንና አደራደር የታሪኩ አካል ነው። እንግሊዝኛው የሚከብደው ካለ አንዱ እየተረጎመ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ።

ትዕይንቱን ሁለት ጊዜ ማየት

ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር መክፈት ደስ ቢልም፣ ፀሐዩ ስክሪኑን ያጠፋዋል። መብራት ቢጠፋም እንዳትቸገሩ ባትሪውን ሞልታችሁ ቤት ውስጥ እዩ፤ ውይይቱን ግን ወደ ጣና ዳር ይዛችሁ ውጡ። የመረጣችሁትን ትዕይንት አንድ ጊዜ ከነድምፁ፣ ሁለተኛ ጊዜ ድምፁን አጥፍታችሁ ተመልከቱ። ሙዚቃው ሲቀር ሥዕሉ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሸከም ይታያል።

የሚጠየቁት ጥያቄዎች

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። «አኒሜሽኑ ምን ጨመረ?» ብላችሁ ጀምሩ። የባትማን ጠላት የሆነው ሚስተር ፍሪዝ በ1959 ኮሚክ ውስጥ ሲገባ ስሙ ሚስተር ዜሮ ነበር፤ የበረዶ መሣሪያ የያዘ ተራ ወንጀለኛ እንጂ የሚታዘንለት ሰው አልነበረም። በ1992 አኒሜሽኑ ኖራ የምትባል ታማሚ ሚስት ሰጠው፤ ክፋቱ ከሐዘን የመጣ ሆነ። ኮሚኩ በኋላ ይህን ታሪክ ተቀብሎ የራሱ አደረገው። ሌላዋ የባትማን ታሪክ ገጸ ባሕርይ ሃርሊ ክዊንም በዚያው ዓመት በአኒሜሽን ተወልዳ በ1993 ወደ ኮሚክ ተሻገረች። አኒሜሽን ሁልጊዜ የኮሚክ ቅጂ ነው የሚል ሰው ካለ እነዚህን ሁለቱን ፊቱ አቅርቡለት።

ቀጥሎ «እንቅስቃሴ ምን አስገደደ?» በሉ። ሱፐርማን በ1938 ሲጀምር ይዘልል ነበር እንጂ አይበርም። በ1941 መታየት በጀመሩት አኒሜሽኖች ላይ የሠሩት ሰዎች ዝላዩ ሲንቀሳቀስ አላማራቸውም፤ በረራን መረጡ።

በመጨረሻ «መቼ ነገሩን?» ብላችሁ ጠይቁ። የ«ኢንቪንሲብል» ኮሚክ እስከ ሰባተኛው ቅጽ ይዞት የቆየውን ትልቅ ምሥጢር አኒሜሽኑ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ አውጥቶታል። ምሥጢሩን ላልደረሰበት አልናገርም፤ እናንተም ቡድናችሁ ውስጥ ከተመረጠው ገጽ አልፎ መናገርን ከልክሉ። የሌላውን ሰው ድንጋጤ መስረቅ ነውር ነው።

መናገር ከታናሹ ይጀምር። ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ መቃወም ይከብደዋል፤ ብዙ ጥሩ ሐሳብ በይሉኝታ ቀርቶ አይቻለሁ።

ዓይንን ማሠልጠን

አንድ ቀን ጀልባ ይዛችሁ ዘጌ ተሻገሩ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ታሪክ ተሞልቷል። አንዱ ሥዕል ከሌላው ጋር ተያይዞ እንዴት እንደሚተርክ ልብ በሉ። በቤተ ክርስቲያናችን የአሣሣል ወግ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው ሲታይ ክፉዎች በአብዛኛው ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ተመልካቹ ጽሑፍ ሳያነብ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ስትመለሱ የባትማንን የ1992 አኒሜሽን እንደገና ክፈቱ። ሠዓሊዎቹ ከበስተጀርባ ያለውን ከተማ በጥቁር ወረቀት ላይ ነው የሠሩት፤ ጨለማው ከመነሻው አለ፣ የተጨመረው ብርሃኑ ነው። የዘጌን ግድግዳ ያየ ዓይን ይህን ቶሎ ያነብባል።

ራሳችሁ መሞከር

ጥቂት ጊዜ ከተገናኛችሁ በኋላ «ጀምበር»ን አምጡ። በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣ፣ ሥራ ፈላጊ ወጣት ኃይል ሲያገኝ የሚያሳይ የእኛ አገር ኮሚክ ነው። ከውስጡ አንድ ገጽ መርጣችሁ፣ አኒሜሽን ብታደርጉት የቱን ሳጥን እንደምታስረዝሙ፣ የቱን እንደምትተዉ፣ ድምፅ የት እንደሚገባ በደብተር ላይ ሣሉ። ሁሉም ለየብቻው ይሥራ፤ ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ የሚዘረጉት ሁሉም ሲጨርስ ነው።