አኒማል ጃምን በነፃ እንዴት መጫወት ይቻላል፦ ልጅ ለሚያስጀምር ሰው

ልጅ «የኢንተርኔት ጨዋታ ልጀምር» ሲል አብዛኛው ወላጅ ቶሎ የሚመጣበት ስድቡና ነውረኛው ወሬ ነው። ለልጆች ተብለው በተሠሩ ጨዋታዎች ውስጥ ግን ስድቡን ሲስተሙ ራሱ ያጣራዋል። የማያጣራው ብልጣብልጡን ነው። «ኮፍያህን ስጠኝ፣ ቀለሙን ቀይሬ እመልስልሃለሁ» በሚል መልእክት ውስጥ አንድም ክፉ ቃል የለም። ስለዚህ አካውንት መክፈቱን ቶሎ ቶሎ እንለፈውና ዕቃ መለዋወጡ ላይ ቆም እንበል።

የያዝኩት ጨዋታ አኒማል ጃም ነው። ዋይልድወርክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2010 ያወጣው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ያን ጊዜ ናሽናል ጂኦግራፊክም አብሮት ነበር። ልጁ ተኩላ፣ ነብር፣ ጥንቸል ወይም ሌላ እንስሳ ሆኖ ጃማ በምትባል ዓለም ውስጥ ይዞራል፣ ቤቱን ያስጌጣል፣ ትንንሽ ጨዋታዎችን ይጫወታል፣ ፋንተም ከሚባሉ ጥቋቁር ፍጥረታት ጋር ይፋለማል። ሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ የመረጠም ሰው አብዛኛውን ነገር እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል፤ የቁልፎቹ ቦታ ቢለያይ ነው።

ደረጃ 1፦ እውነተኛውን ጨዋታ ማውረድ

አፑን ከስልኩ መደበኛ የአፕ መደብር ወይም ከራሱ ከጨዋታው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። «ብሮውዘር ከፍታችሁ ግቡ» የሚል አሮጌ መመሪያ ካጋጠማችሁ ጊዜው አልፎበታል። የመጀመሪያው ጨዋታ በፍላሽ (በብሮውዘር ውስጥ ጨዋታ በሚያስኬድ አሮጌ ፕሮግራም) የሚሠራ ነበር፤ አዶቤ ደግሞ በ2020 መጨረሻ ፍላሽን አቁሞታል። ዛሬ ስሙ አኒማል ጃም ክላሲክ ሆኖ በኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፤ በስልክና በታብሌት ያለው አዲሱ ሌላ ነው። በአንዱ የተሰበሰበ ዕቃ ወደ ሌላው አይሻገርም። ስለዚህ ጓደኞቹ የሚጫወቱት የትኛውን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁት፤ ሁለተኛ መነሻ ለልጅ እንባ ነው።

«ያልተገደበ ጄም» (ጄም የጨዋታው ገንዘብ ነው) የሚሰጥ የተቀየረ አፕም ሆነ ድረ ገጽ አትንኩ። ጄሙ ያለው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ በስልክ ላይ የተጫነ ነገር ሊጨምረው አይችልም። እነዚህ ገጾች የሚፈልጉት የልጁን የይለፍ ቃል ነው፣ አለዚያም ስልኩ ላይ የሆነ ነገር መጫን ነው።

አድናቂዎች ራሳቸው የሚከፍቱትን የጨዋታ ቅጂም አትንኩ። ክለብ ፔንግዊን የዚህ ዓይነት ጨዋታ ዋነኛው ምሳሌ ነበር፤ በ2005 ካናዳ ውስጥ ተጀመረ፣ በ2007 ዲዝኒ በ350 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፣ ማርች 30 ቀን 2017 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የናፈቃቸው ሰዎች ዲዝኒ ያልፈቀዳቸውን ቅጂዎች ከፈቱ። ከታወቁት አንዱ፣ ክለብ ፔንግዊን ሪራይትን፣ በኤፕሪል 2022 የተዘጋው የለንደን ሲቲ ፖሊስ በቅጂ መብት ጉዳይ ሦስት ሰዎችን ይዞ ነው። ያደገበት አዋቂ ትዝታውን ለመወጣት ቢገባ የራሱ ጉዳይ ነው። ልጅን ግን ማን እንደሚጠብቀው ወደማይታወቅ ቦታ መላክ አይገባም።

ደረጃ 2 እና 3፦ አካውንቱና የወሬው ልክ

ሁለቱን አንድ ላይ ያደረግኳቸው ልጁ ብቻውን ከሞላቸው ሁለቱም ስለሚበላሹ ነው።

የትውልድ ዓመት ሲጠየቅ እውነተኛውን ጻፉ። አሜሪካ በ1998 ያወጣችው የልጆች የኢንተርኔት ግላዊነት ሕግ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅን ፈቃድ ይጠይቃል። የልጆች ጨዋታዎች የወላጅ ኢሜይል የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ልጆች ይህን ያውቁታል፤ «ትልቅ ነኝ ካልክ ብዙ መጻፍ ትችላለህ» እየተባባሉ ነው የሚገቡት። ዕድሜው አንዴ ከተዋሸ ሲስተሙ ያዘጋጀለት ጥበቃ በሙሉ በዚያው ይነሳል።

የተጠቃሚ ስሙ ውስጥ እውነተኛ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የትምህርት ቤት ስም አይግባ። እንስሳውን ተኩላ ወይም ጥንቸል ማድረጉ የልጁ ሥራ ነው፤ እዚያ ላይ አትግቡበት።

የይለፍ ቃሉ ሌላ የትም የማትጠቀሙበት ይሁን። ለወግ ያህል አይደለም ይህን የምለው። በ2020 ሰርጎ ገቦች የዚህኑ ጨዋታ ዳታቤዝ ሰርቀው ወደ 46 ሚሊዮን የሚጠጋ የአካውንት መረጃ ወጥቷል፤ ኩባንያው ራሱ ነው በኖቬምበር ያሳወቀው። ከተወሰደው ውስጥ የወላጆች ኢሜይል ይገኝበታል። የጨዋታውና የኢሜይሉ የይለፍ ቃል አንድ ዓይነት የነበረበት ሰው ጣጣው ጨዋታው ላይ አይቆምም። የሚቻል ከሆነ ለእንዲህ ያሉ ነገሮች ብቻ የሚያገለግል ኢሜይል ክፈቱ።

ከዚያ በወላጅ አካውንት ገብታችሁ የቻቱን ልክ ምረጡ። ምርጫው ሲስተሙ ባዘጋጃቸው ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ከማውራት እስከ ራስ መጻፍ ይደርሳል። ራስ መጻፉም ቢሆን ማጣሪያ አለው። እኔ በዝግጁዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ማስጀመርን እመርጣለሁ። ልጁ «ሰልችቶኛል፣ ሰላም ከማለት ውጪ ምንም አይቻልም» እያለ ማማረሩ አይቀርም፤ ያማር። ደረጃ 5 ላይ ያለውን ከተለማመደ በኋላ መክፈት ይቻላል።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ዕለታዊውን ስጦታ መውሰድ፣ ትንንሾቹን ጨዋታዎች እየተጫወቱ ጄም መሰብሰብ፣ ቤት ማስጌጥ። ይህን ማንም አያስተምራቸውም፤ እናንተ አፑ ተጭኖ ሳያልቅ እነሱ ከተማዋን ያካልሏታል።

አንድ ነገር ብቻ አሳዩት፦ የሌላ ተጫዋች ስም ሲነካ የሚከፈተውን ካርድ። ማገጃውና ሪፖርት ማድረጊያው እዚያ ነው። ችግር ሲመጣ መፈለግ ከመጀመር አሁኑኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ይዝጋው።

ደረጃ 5፦ ዕቃ መለዋወጥ

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነው። በጃማ ውስጥ የዕቃን ዋጋ የሚተምነው ኩባንያው አይደለም። በጄም በርካሽ የተሸጠ አንድ ጌጥ መሸጡ ካቆመ በኋላ ተጫዋቾቹ ይሻሙበትና ውድ ይሆናል። ባለ እሾኩ የአንገት ማሰሪያ በዚህ የታወቀ ነው፤ እሾኩ ረጅም የሆነውና አጭር የሆነው በጨረፍታ አንድ ይመስላሉ፣ ዋጋቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ይህን የማያውቅ አዲስ ልጅ ገበያ ውስጥ ሲገባ የሚያውቁት ወዲያው ይለዩታል።

የመለዋወጫው መስኮት ራሱ ታማኝ ነው። በአንድ ወገን የልጁ ዕቃ፣ በሌላው ወገን የዚያኛው ይታያል፤ ሁለቱም እሺ ካላሉ ምንም አይንቀሳቀስም። እንግዲህ አጭበርባሪ የመጀመሪያ ሥራው ልጁን ከዚህ መስኮት ማስወጣት ነው። «መጀመሪያ በስጦታ ላክልኝ፣ እኔ ደግሞ እልክልሃለሁ» ይላል። ስጦታ አንድ መንገድ ብቻ አለው፤ ከሄደ ሄደ። «ቀለሙን እቀይርልሃለሁ»፣ «ጓደኛነታችንን ልፈትን ነው»፣ «ለቪዲዮ ብቻ ነው፣ ወዲያው እመልሳለሁ»፣ ሁሉም የአንዱ ነገር የተለያየ ልብስ ነው። ለልጁ የምትሰጡት ሕግ አጭር ይሁን፦ በመስኮቱ በሁለቱም ወገን ዕቃ ካልታየ ልውውጥ የለም።

ሁለተኛው ዘዴ በመስኮቱ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ጥድፊያ። የእህቴ ልጅ ስትጫወት አጠገቧ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። አንድ ጥቁር ተኩላ መጥቶ የልውውጥ ጥያቄ ይልካል፣ እምቢ ትላለች፤ ይልካል፣ እምቢ ትላለች። ከራሱ በላይ «ፍጠኚ፣ ልወጣ ነው» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ጥያቄው ከጥያቄ በላይ ሲደራረብ ጣቷ እምቢ የሚለውን እየነካ ሳለ አንዱ ላይ እሺ የሚለውን ነካች። ለምታብለጨልጨው አንገት ማሰሪያዋ የተሰጣት አንድ የእንጨት ወንበር ነበር። ተኩላው ወዲያው ጠፋ።

የዚህ መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አያስብበትም። ሌሎች ተጫዋቾች ሊጠይቁ የሚችሉት ልጁ ራሱ የልውውጥ ዝርዝሩ ላይ ያስቀመጠውን ዕቃ ብቻ ነው። ልጆች ግን «እዩልኝ» ለማለት በጣም የሚወዱትን እዚያ ይደረድራሉ። የሚወዱትን ይልበሱት ወይም ቤታቸው ውስጥ ይስቀሉት፤ ዝርዝሩ ላይ የሚቀመጠው ቢሄድ የማያሳዝን ብቻ ይሁን። እንዲህ ካደረጉ የተሳሳተ ንክኪ እንኳ ብዙ አያስከፍልም።

ሦስተኛው አካውንቱን ራሱን የሚወስደው ነው። «የይለፍ ቃልህን ስጠኝና አባልነት ልግዛልህ» ይባላል፤ አንዳንዴም ድርጅቱን የሚወክል መስሎ ይመጣል። የጨዋታው ሠራተኛ የማንንም ይለፍ ቃል አይጠይቅም። ለቅርብ ጓደኛም ቢሆን አይሰጥም። ጓደኞች ይጣላሉ፣ ሲጣሉም መጀመሪያ የሚዘረፈው የዕቃ ሳጥኑ ነው።

ይህን ሁሉ በምክር ብቻ አትለፉት፤ ተጫወቱት። አጭበርባሪው እናንተ ሁኑ። ልጁ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ «ወይኔ የሚያምር ኮፍያ! እኔ ዘንድ እኮ ይህን የሚመስል ወርቃማ አለ። አንዴ ብቻ ላክልኝና ልለካው፣ ቶሎ በል ልወጣ ነው» በሉት። መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይከራከራል፣ ጥቂት ስትደጋግሙበት ነገሩ ይገባውና እሱ ራሱ እናንተን ማታለል ይጀምራል። ያን ጊዜ ቻቱን ከፍ ልታደርጉለት ትችላላችሁ።

ከተታለለ በኋላ ደግሞ ስክሪንሾት ማንሳት፣ የተጠቃሚውን ስም መያዝ፣ ሪፖርት ማድረግ፣ ማገድ። ዕቃው ይመለሳል ብላችሁ ተስፋ አትስጡት። አትቆጡትም፤ የተቆጣችሁት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ የይለፍ ቃሉን ሲሰጥ አይነግራችሁም።

ደረጃ 6፦ «ነፃ» እስከ የት ድረስ ነው

መግባት፣ መዞር፣ መጫወት በነፃ ነው። አባልነት የገዛ ልጅ ግን ብዙ እንስሳ፣ ብዙ ልብስ፣ ሰፊ ቤት ያገኛል፤ ያልገዛው መደብር ገብቶ ከግማሹ ዕቃ ፊት ተቆልፎበት ይቆማል። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ኩባንያው የሚኖረው በዚያ ነው። እኔ ልጁ ጨዋታውን ለወራት ሳይሰለች እስኪቆይ ድረስ አልከፍልም፤ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ወደ ሌላ ጨዋታ ይሄዳሉ።

ከከፈላችሁ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ አባልነቱ በራሱ ይታደሳል፤ አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። የሚቆመው በአፕ መደብሩ የደንበኝነት ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ ስትሰርዙት ነው። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል ወይም የጣት አሻራ እንዲጠየቅ መደብሩን አስተካክሉ። ይህን ልጁ ስልኩን ሳይቀበላችሁ በፊት ብትጨርሱት ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ማስቆም

«በቃ ዝጋ» ብሎ ስልክ መንጠቅ ጠብ ነው፣ ጥሩ ምክንያትም አለው፦ መሃል ላይ የተቋረጠ ጨዋታ የለፋበትን ጄም ላይከፍለው ይችላል። በሰዓት ፈንታ በጨዋታ ቁረጡለት፤ «ይህን ስትጨርስ ሌላ አትጀምርም» ሲባል ያልቃል። ዕለታዊው ስጦታ በየቀኑ እንዲገባ ይጎትተዋልና እንዳያመልጠው ብሎ ከለመነ ገብቶ ወስዶ ይውጣ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በሰው ስልክ ወይም በጋራ ኮምፒውተር ላይ ከተጫወተ አፑን መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ ከአካውንቱ ይውጣ፣ «የይለፍ ቃሌን አስታውስ» የሚለውም ምልክቱ ይነሳ።