ድምፅ ሲጨመር የሚጠፋው ስፒከር

ስልክ የሚሰካበት የቤት ስፒከሬ አመል አወጣ። ድምፁ ዝቅ ሲል ሰላም ነው። ከፍ ሳደርገው፣ በተለይ ቤዝ የበዛበት ዘፈን ሲመጣ፣ ድርግም ይልና ተመልሶ ይበራል።

ልፈታው ካቻቢቴ አንስቼ ነበር። ደግነቱ መጀመሪያ አዳፕተሩን ጠረጠርኩ። ላዩ ላይ 12 ቮልት፣ 2 አምፒር ይላል። ከስፒከሩ ነቅዬ ጫፉን በመልቲሜትር ስለካው 12.1 አሳየኝ። ጤነኛ ነው ብዬ ልተወው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ያረጀ አዳፕተር ባዶውን ሲለካ ደህና መስሎ፣ ሥራ ሲበዛበት ቮልቱ ሊወርድ ይችላል። ቤዝ ደግሞ ኃይል በላተኛ ነው።

የዋይፋይ ራውተሬ አዳፕተር ቁጥሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የጫፉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ምልክትም ገጠመ። እሱን ሰክቼ ድምፁን እስከ ጥግ ጨመርኩት። ንቅንቅ የለም! (ጎረቤት ይቅር ይበለኝ።)

ምትክ ስገዛ ቮልቱን እኩል፣ አምፒሩን እኩል ወይም ከዚያ በላይ አድርጌ መረጥኩ። አሮጌውን ግን አልከፈትኩትም። ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስልኩ የሚሰካበትን ጫፍም፣ ሁሉንም ነቅዬ፣ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠረግኩት። የወጣው አቧራ ጉድ ነው።